ከበራችን እስከ ነጩ ጎማ

ማክሰኞ ጥቅምት 12 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ቢታንያ አምስተኛውን ቃል አገኘችው። ከጎሚስታው ደጅ ግማሹ መሬት ውስጥ ተቀብሮ የቆመ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ የጭነት መኪና ጎማ ነው። ጥቁር ነጠላዋን እንደተከናነበች ፊቱ ቀጥ አለች። አብራት የምትሄደው የባሏ እህት አይናለም ክንዷን ያዝ አድርጋ አዞረሽ እንዴ አለቻት።

"አላዞረኝም። ቃሉን አገኘሁት።"

"የምን ቃል?"

"የወንድምሽን። ጎማ ነው። እንመለስ።"

አይናለም መሥሪያ ቤቱ እየጠበቃቸው እንደሆነ፣ ፈርመው ቢመለሱ እንደሚሻል ልትነግራት ሞከረች። ቢታንያ ግን ዞራ መንገድ ጀምራለች።

ባሏ ዮፍታሔ አሰላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ለሥራ ሮቤ ሄዶ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ስልኩ ደቀቀ፤ ፎቶ የሚያስቀምጥበት ሃርድ ዲስክ ከነቦርሳው እዚያው ገደል ቀረ። ቤት የቀረው ላፕቶፑ ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ ዊንዶውስ ሲጠቀም እሱ ሊኑክስ ነበር የጫነበት። "ይሄኛው ወሬ አያመላልስብኝም" ይል ነበር። ካሜራው ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎበታል። ፌስቡክ የለውም። የልጁን ፎቶ ለገዛ እህቱ እንኳ በቴሌግራም አይልክም፤ ሠርግ ቤት ካሜራ የያዘ ሰው ሲመጣ ሳህኑን ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል። ጓደኞቹ፣ አንተ ደግሞ የምን ምስጢር አለህና ነው፣ ደመወዝህን እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን እያሉ ያሾፉበታል። እሱም እየሳቀ "ምንም የለኝም። ምንም የሌለውም ሰው ቢሆን ሲተኛ በሩን ይዘጋል" ብሎ ይመልስላቸዋል።

የቢታንያ ስልክ ካሜራ የለውም፤ የእሱ ፊት፣ ድምፁ፣ ልጃቸው ኦብሴ ደረቱ ላይ ተኝታ የተነሡት፣ ሁሉም ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ሲበራ ደግሞ ከምንም በፊት ጥቁር ገጽ ይመጣና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ያንን ያላወቀ ምንም አያይም።

ዮፍታሔ አንድ እሑድ ሊያስይዛት ሞክሮ ነበር። ከበራቸው ተነሥተው ወደ ገበያ ሲወርዱ፣ መንገዱን ካወቅሽ ቃሉን አወቅሽ፣ አምስት ነገር ነው አላት። የጎረቤት አጥር ላይ ያለው ቁልቋል። ወፍጮ። ጋሪዎቹ የሚቆሙበት ጋ ጋሪ። ድልድይ። አምስተኛው ላይ ኦብሴ አለቀሰችና እሷን ስታባብል ያለውን ልብ ሳትል ቀረች። ያዝሽው ወይ ሲላት ይዣለሁ አለች።

ከቀብሩ በኋላ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሞክር ሰነበተች። መስጊድ። ባንክ። ፋርማሲ። ሆቴል። እያንዳንዱን ከአራቱ ኋላ ትጽፋለች፤ ማሽኑ ጥቂት ያስባል፣ ከዚያ መልሶ ይጠይቃታል። መንገዱን አንድ ጊዜ ብትወርደው እንደምታገኘው ታውቃለች። ከአገር ቤት የመጡት ሴቶች ግን አይሆንም አሉ። ሐዘንተኛ ፍራሿን ትታ ገበያ ለገበያ ልትዞር ነው? ሲያመሽ እርስ በርሳቸው ልጅቷን ሐዘኑ ጭንቅላቷን ነክቷታል ተባባሉ። ዛሬም የወጣችው መሥሪያ ቤቱ ለጡረታው ፈርሚ ብሎ ስለጠራት ነው።

ጎማውን ስታይ ያ እሑድ ተመለሰላት። ዮፍታሔ የምታለቅሰውን ልጅ እላዩ ላይ አፈናጦ፣ አምስተኛው ይሄ ጎማ ነው፣ የኦብሴ ፈረስ ብሎ ነበር።

ግቢዋ ስትደርስ ነጠላዋ መሬት ይጠርጋል። ጎረቤቷ ዙቤዳ ኦብሴን አቅፋ ገንፎ ታጎርሳለች። ለልጅቷ ስም ያወጣችላት እሷ ናት። ቢታንያ ቀጥ ብላ ገባች። ላፕቶፑ የሚቀመጥበት ሣጥን ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ብቻ አለ።

"እትዬ ዙቤዳ፣ ላፕቶፔስ?"

"ሰኢድ ትናንት ማታ ወስዶታል። እንግዳ በዝቶብሽ ስለነበር አልነገርንሽም። አሁን ይመጣል፣ አረፍ በይ።"

ቢታንያ ደወለችለት። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። እንደገና ደወለች። በሦስተኛው ላይ የስልኩ ጥሪ ከደጅ ተሰማ።

ጋሽ ሰኢድ የዙቤዳ ባል፣ የገብስ ነጋዴ ነው። አደጋው የተሰማ ቀን መኪና ይዞ ገደሉ ድረስ ሄዶ አስከሬኑን ያመጣው እሱ ነው። ድንኳኑን ያስተከለ እሱ፣ ከዚያ ወዲህ ሱቁን በቅጡ ያልከፈተም እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ላፕቶፑ ላይ አቀርቅራ ስታለቅስ አይቶ ምን ሆንሽ ሲላት፣ እንቢ አለኝ፣ አልከፈት አለኝ ነበር ያለችው። ይከፈትልሻል ብሏት ሄደ። እሷ እንደ ማጽናኛ ነበር የሰማችው።

አሁን ላፕቶፑን በሁለት እጁ ይዞ ገባና ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

"በይ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ክፈቺው።"

ክዳኑን ከፈተችው። ተወልውሏል። የካሜራው ፕላስተር የለም፤ ትንሿ ክብ ዐይን ታያታለች። ጥቁሩ ገጽ አልመጣም። ሰማያዊ መጣ፣ ቀጥሎ የማታውቀው ባሕርና ተራራ።

"አየሽ? ምንም አይጠይቅሽም" አለ ጋሽ ሰኢድ። "ኮምፒውተር የሚጠግነው ሚፍታ ሌሊቱን ሲታገለው አድሯል። በስተመጨረሻ የነበረበትን ጠርጎ አዲስ ጫነበት። እንደ አዲስ ነው ብሎኛል።"

"ጠርጎ?"

"ሁሉንም። ያ የሚያስለቅስሽን ነገር አጠፋው።"

አይናለም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቢታንያ ሚፍታን እንዲያገናኛት ጋሽ ሰኢድን ለመነችው። ደውሎ ስልኩን ሰጣት። ሚፍታ ጥገና ቤቱ ውስጥ ሌላ ሥራ ላይ ነበር፤ በትሕትና አስረዳት። ተቆልፎ የነበረው ዲስኩ ራሱ እንደሆነ፣ በእንደዚህ ያለው ላይ አንዴ ሌላ ከተጫነበት የቁልፉም ቦታ እንደሚጠፋ፣ አዲስ አበባም ቢላክ የሚያወጣው እንደሌለ።

"ቃሉ ቢኖረኝስ?"

"ቃሉ ቢኖርሽ ትናንት ይከፈት ነበር፣ እህቴ። አሁን ቃሉ የሚገባበት ቦታ የለም። ጋሽ ሰኢድ ውስጡ አስፈላጊ ነገር እንዳለ አልነገረኝም። ምን ነበረበት?"

ጋሽ ሰኢድ ፊቷን ያያል። ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ ነው፤ ዳር ዳሩ ግን መክሰም ጀምሯል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የእሷ ደጅ ላይ ሲቆም የዋለበት ጫማ በጭቃ ተለውሷል። አይናለም ልትናገር አፏን ስትከፍት ቢታንያ ጉልበቷን ጫን አድርጋ ያዘቻት።

"ምንም" አለች ለስልኩ። "የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው። ለእነሱም አይጠቅምም።"

ስልኩን መለሰችለት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ሰኢድ። ጎረቤት እንደዚህ ነው።"

"ምን አደረግን ልጄ" አለና ተነሥቶ ወጣ። በረንዳው ላይ ለዙቤዳ፣ ዛሬ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ ሲላት ተሰማ።

ለአርባው በተተከለው ድንኳን በር ላይ የተሰቀለው የዮፍታሔ ፎቶ ከመሥሪያ ቤት መታወቂያው ተወስዶ እንዲያድግ የተደረገ ነው። የማኅተሙ ቀለም ግራ ጉንጩን ይዞታል።