ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው በር

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፮ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ወርቅዬ እንደ ልማዷ በኮልፌው የኳስ ሜዳ፣ በእንጨቱ መቀመጫ ሦስተኛ ረድፍ፣ በገዛ ቤቷ በር ላይ ተቀምጣ ነበር።

መቀመጫው ሁሉ በር ነው። ባለፈው ዓመት የካቲት ጣሊያን ሰፈሩን ባቃጠለ ጊዜ ከእሳት የተረፉትን ሳንቃዎች ሰዉ ለቃቀመ፤ አናጢው አቶ ዱባለ ደግሞ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ እንደ ደረጃ ደረደሯቸው። ከዚያ ወዲህ ኮልፌ በጎረቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ኳስ ያያል። ጎል ገብቶ ሕዝቡ ሳንቃውን በእግሩ ሲደበድብ ወርቅዬ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ያን ጊዜ የነደደው ሰፈር ተመልሶ የቆመ፣ በሩም ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚንኳኳ ይመስላታል። ከዚያ ሁሉ መካከል የባሏን የመሸሻን ማንኳኳት ለመለየት ትጥራለች። መሸሻ ሰፈሩ ከነደደባት ከዚያች ዓርብ ወዲህ አልተመለሰም።

«እትዬ ወርቅዬ፣ ኳሱ እኮ በወዲያ ነው!» አለች ቆሎ ሻጯ ፋሪዳ። «እርስዎማ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ መሰሉኝ!»

«ሲፈለፈል አንዷን ጫጩት ላንቺ» አለች ወርቅዬ፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። የጣሊያኑ ሹም አሮጌው ሳንቃ ሁሉ ተነቅሎ ለወታደሮቹ ወጥ ቤት ማገዶ እንዲሆን፣ በምትኩም አዲስ ጣውላ እንዲመታ አዝዞ ነበር። ጨዋታው አብቅቶ ሰው ሲበተን አቶ ዱባለ ከመጀመሪያው ረድፍ መንቀል ጀመሩ።

«ጋሽ ዱባለ፣ ይህችን እንኳ ይተዉልኝ» አለች ወርቅዬ። «ደጃፌ ላይ የሰቀልኩት ጆንያ ነው። መሸሻ ሲመጣ ምኑን ያንኳኳል?»

«ሌላ እሠራልሻለሁ፣ ልጄ። ያውም የዋንዛ።»

«ሌላውን አያውቀውማ!»

ሽማግሌው መዶሻቸውን መሬት አስቀመጡ። «ይህን በር ቤትሽ አታስገቢው» አሉ ቀስ ብለው። «በዚያ ሰሞን ሬሳ ተሸክመንበታል።»

ከቀራንዮ በኩል የሚመጣው ነፋስ ሜዳውን እንደ ውኃ አቋርጦ አለፈ። ወርቅዬ ወደ ሳንቃው ጎንበስ አለች። የጢስ ጥላሸት ነው ስትል የከረመችውን ጥቁር እድፍ በጣቷ ነካችው፤ እንደ ጥላሸት አልለቀቀም።

«የማንን?»

አቶ ዱባለ ዓይናቸውን ወደ ባዶው ሜዳ መለሱ። ከኪሳቸው ሚስማሮች አውጥተው አንድ ባንድ በከንፈሮቻቸው መካከል ያዙ።

«ጋሽ ዱባለ፣ ስሙን ብቻ ይንገሩኝ።»