ጠማማዋ አናባቢ

ሆሳዕና አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። "ተኝታም ታወራለች" ትላለች እናቷ አሰፋሽ። ታዲያ ትምህርት ቤቷ "ለኅብረተሰቡ ነፃ አገልግሎት ስጡ" ብሎ ልጆቹን ሲበትን፣ አንዱ የሰው ውሻ ሊያንሸራሽር፣ ሌላው ቆሻሻ ሊለቅም ሲሄድ፣ እሷ ወሬ የሚፈለግበትን ቦታ መረጠች፤ እዚያው ሚኒሶታ፣ ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ያለ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች እንግሊዝኛ የሚማሩበት ክፍል። ስፓኒሽ ትምህርት ቤት ትወስዳለች፤ እንግሊዝኛውማ አብሯት የተወለደ ነው። ኃላፊዋ ሴትዮ ትንሽ ሰማቻትና "አንቺ አናባቢ ታስተምሪያለሽ" አለቻት።

አናባቢ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ኧረ ምን ቀላል! ስፓኒሽ ያለው አምስት ነው፤ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ፣ በቃ። እንግሊዝኛ ደግሞ ፊደሉ ላይ አምስት ብቻ ያሳይና አፍ ውስጥ ሲገቡ እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ ይበዛሉ። ከሁሉ የከፋችው አጭሯ ናት፤ አፍ በደንብ ሳይከፈት፣ ከንፈር ሳይሾል፣ ሆዱን በቡጢ የተመታ ሰው የሚያወጣት ዓይነት ድምፅ። ክፍሉ በሙሉ እሷ ጋ ሲደርስ ወይ ኣ ይላል ወይ ኡ ይላል። ሆሳዕና መስታወት ታድላለች፣ አገጫቸውን ታስይዛለች፣ ለረጅሞቹ ድምፆች የጸጉር ላስቲክ ታስወጥራለች። ለዚህችኛዋ ግን መላ አጥታለች።

ብላንካ የመጣችው የበረዶው ክረምት አላንቀሳቅስ ባለበት ሰሞን ነው። የኢኳዶር ሰው ናት፤ አርባን ያለፈች፣ ፕሊማውዝ ከተማ የሕክምና ቱቦ በሚሠራ ፋብሪካ የማታ ሺፍት የምትሠራ።

"ሚሃ" አለቻት ገና ከመቀመጧ፤ በስፓኒሽ ልጄ ማለቷ ነው። "ለቀን ሺፍት ሊድ፣ ማለት የቡድን መሪ፣ ሊመርጡ ነው። ፈተናው በድምፅ ማጉያ ነው። ማሽን ሲበላሽ የሚነገረውን ማስታወቂያ ታነቢያለሽ፤ አለቃው ከፋብሪካው ጥግ ቆሞ ያዳምጣል። ከተሰማሽ ተሰማሽ። ካልተሰማሽ ወደ ሌሊትሽ ተመለሺ።"

ማስታወቂያው አጭር ነው። ክዳኑን ዝጉ፣ ኤሌክትሪኩን ቁረጡ፣ ወደ ኋላ ቁሙ ይላል። በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ያቺ የተመታ ሰው ድምፅ መሐሉ ላይ ተሰንቅራለች፤ "ከት ዘ ፓወር" ከሚለው ከት ውስጥ።

"እስቲ አንብቢልኝ" አለች ሆሳዕና፣ ሳቋን አዘጋጅታ።

ብላንካ ዓይኗን ጨፈነች። ጭኗን መታ መታ እያደረገች፣ ራሷን እየወዘወዘች፣ በዜማ ጀመረች። "በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ። ከ፣ ኩ፣ ኪ፣ ካ፣ ኬ፣ ክ፣ ኮ።" ከዚያ ወደ ፊተኛዋ ተመልሳ ቆመችባት። "ከ... ከ... ከት። ከት ዘ ፓወር!"

ጥርት ያለች ከት!

ሆሳዕና ክው አለች። የያዘችው መስታወት ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ዜማውን ታውቀዋለች። የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናቱን የሚያስጮኸው ፊደል ቆጠራ ነው፤ እሷ ራሷ ካ ላይ ሳትደርስ በወሬ የተባረረችበት። ከኢኳዶር ተራራ የወረደች ሴትዮ ከ እስከ ኮ አንድም ሳታስቀር ስትወጣው መስማት ማለት፣ ድመት "ሃሌ ሉያ" ስትል መስማት ማለት ነው።

"ይ... ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ከጓደኛዬ። አብራኝ የምትሠራ። ስፓኒሽ አምስት ድምፅ ነው ያለው፣ የኛ አማርኛ ሰባት ነው፣ የጠፋችብሽ ድምፅ የኛዎቹ ዘንድ አለች ብላ ነገረችኝ።"

"ሐበሻ ናት?"

"አዎ። እሷም ትፈተናለች። የቀረነው ሁለት ነን።"

"እዚያ ፋብሪካ ስንት ሐበሻ አለ?"

"እሷ ብቻ" አለች ብላንካና፣ ያላሰበችው ነገር ያመለጣት ይመስል ከንፈሯን ነከሰች።

ፕሊማውዝ። ቱቦ። የማታ ሺፍት። አንዲት ሐበሻ። ሆሳዕና ያለ ሒሳብ ማሽን ደመረችው። እናቷ ናት! እናቷ ለፈተና ልትቀርብ ነው፣ ለሷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ይባስ ብሎ፣ የገዛ ልጇ እዚህ ቁጭ ብላ ተፎካካሪዋን እየሳለችላት ነው።

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። አሰፋሽ የማታ ሺፍት ከገባች ወዲህ እናትና ልጅ ሮዝቪል አንድ አፓርታማ ውስጥ እየኖሩ እንደ ፀሐይና ጨረቃ ናቸው። ሆሳዕና ከትምህርት ቤት ስትገባ አሰፋሽ ጫማዋን እያሰረች ነው፤ አሰፋሽ ስትመለስ ሆሳዕና ባስ እያባረረች ነው። አባት የሚባል የለም። የቀን ሺፍት ማለት እራት ላይ ፊት ለፊቷ የሚቀመጥ ሰው ማለት ነው። ይህንን እራት ብላንካ ልትወስድባት ነው።

ደግ ልጅ ብትሆን እናቷን ትጠይቅ ነበር። ሆሳዕና ግን ተቀየመች። "ለባዕድ ፊደል ታስቆጥራለች፣ ለኔ ወሬ ትደብቃለች!" አለች በልቧ። ቀጥሎም፣ ለእናቷ ሳትነግራት ውለታ ልትውልላት ወሰነች።

በሚቀጥለው ትምህርት ብላንካ "ከት" ስትል፣ ሆሳዕና ፊቷን ሎሚ እንደቀመሰ ሰው አኮማተረች።

"አይደለም። ካት ነው። አፍሽን ክፈቺው፤ ካት! ጥርስ ሐኪም ፊት እንዳለሽ።"

"ጓደኛዬ ግን በጠባቡ ነው ያለችኝ።"

"ጓደኛሽ የት ነው የተወለደችው?"

"ኢትዮጵያ።"

"እኔስ?"

"ሚኒሶታ።"

"እና?"

ብላንካ ትንሽ አሰበችና አፏን ከፈተችው። "ካት" አለች። "ካት ዘ ፓወር።" ላስቲክ እየወጠረች፣ መስታወት እያየች፣ እንደ ታዛዥ ተማሪ ደጋገመችው። ሆሳዕና "ለእናቴ ነው" አለች በልቧ። በየትምህርቱ ያንኑ አደረገች። ኃላፊዋ ስትመጣ ሌላ ድምፅ ታስጠናለች፣ ስትሄድ ወደ ካት ትመለሳለች።

የፈተናው ዕለት ሆሳዕና ከትምህርት ቤት ቶሎ ገባች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጃኬቷን ሳታወልቅ ከመታጠቢያ ክፍል ድምፅ ሰማች።

"ካት። ካት። ካት ዘ ፓወር።"

መጀመሪያ ብላንካ ቤታቸው የመጣች መስሏት ነበር። በሩን በጣቷ ገፋ አደረገችው። እናቷ ናት። አሰፋሽ የሥራ ልብሷን ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆማለች፣ በሁለት አውራ ጣቶቿ መካከል የጸጉር ላስቲክ ተወጥሯል፣ አፏ ጥርስ ሐኪም ፊት እንዳለ ሰው ተበርግዷል።

"ማም!" አለች ሆሳዕና በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረች። "እማ፣ ማነው እንደዚህ በይ ያለሽ?"

አሰፋሽ ዘወር ብላ ሳቀች። "አንቺ ነሻ! ማን ሊሆን ነው? ብላንካን ወደ ክፍልሽ የላኳት እኔ ነኝ። የምታስተምሪያትን ሁሉ መኪና ውስጥ ለኔ ታስተላልፍልኛለች።"

"ለምን ራስሽ... ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?"

"ትስቂብኛለሻ።" አሰፋሽ ይህንን ስትል ቅሬታ እንኳ የለባትም፤ ሰማዩ ደመና ነው እንደማለት አድርጋ ነው። "በብላንካ አፍ ሲመጣ ግን ትምህርቱ ያው ነው፣ ሳቁ የለበትም። እኔ እኮ በፊት በጠባቡ ነበር የምላት። እግዜር ይስጥሽ፣ አረምሽኝ።"

እግዜር ይስጥሽ! ሆሳዕና የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ተቀመጠች። አፏ፣ ያ ሥራ የማይፈታ አፏ፣ ደረቀ።

"እማዬ፣ ያንቺው ነበር ልክ። ከት ነው። ካት ስህተት ነው። አውቄ ነው ያጣመምኩት። ብላንካ እንድትወድቅ ብዬ ነው። አንቺ ቀን እንድትገቢ።"

ላስቲኩ ከአሰፋሽ ጣት ተስፈንጥሮ መስታወቱን መታ።

አሰፋሽ አልጮኸችም። እንደማታውቃት ጎረቤት አየቻት፣ ከዚያ ቁልፏን አነሣች።

"ጫማሽን አታውልቂ። ትሄጃለሽ።"

ብላንካ እንደ ወትሮው ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ባስ ማቆሚያው ጋ ትጠብቃለች። በረዶውን ከጫማዋ እያራገፈች መኪናው ውስጥ ገባችና ከኋላ ሆሳዕናን ስታይ ፊቷ በራ። "ሚሃ! ልትመርቂን መጣሽ?"

"ንገሪያት" አለች አሰፋሽ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ።

ሆሳዕና ነገረቻት። በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ በስፓኒሽ ተደናቀፈች፣ በሁለቱም አፈረች። ብላንካ ስትሰማ ከግንባሯ እስከ ደረቷ አማተበች። ወደ አሰፋሽ ዞረች። "አንቺ ታውቂ ነበር?"

"የልጄን ሞት ያሰማኝ! ዛሬ አሁን ነው የሰማሁት። እኔም እንዳንቺው ካት ካት ስል ነው የከረምኩት።"

ብላንካ ሁለቱን እያፈራረቀች አየች። ከዚያ በስፓኒሽ አንድ ረጅም ነገር ተናገረች። ትምህርት ቤት የማያስተምሩት ዓይነት ነበር፤ ሆሳዕና ግን ገባት።

"እሺ" አለች ብላንካ በመጨረሻ። "ልክ የነበረው የማን ነው?"

"የእማዬ" አለች ሆሳዕና። "ከመጀመሪያውም የእማዬ።"

ፈተናው ለአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀጥሯል። ሃይዌዩ ተጨናንቋል። ብላንካ ከ፣ ኩ፣ ኪ ብላ ጀመረችና ብዙም ሳይቆይ ድምፅዋን አገኘችው። አሰፋሽ ግን፣ የፊደሏ ባለቤት አሰፋሽ፣ ልትመለስባት አልቻለችም። አፏን ሰብስባ ትጀምርና መሐል ላይ ይበረገዳል። "ካ... ከ... ካት። ወይኔ አፌ!"

"እማዬ፣ ከተማ በይ" አለች ሆሳዕና ከኋላ ወንበር ተንጠራርታ።

"ከተማ።"

"መጨረሻ ላይ ያለውን ማ ጣይው።"

"ከተ።"

"አሳጥሪው።"

"ከት" አለች አሰፋሽ። ደንግጣ ጥሩንባ ነፋች። "ከት! ከት!" ከጎናቸው ያለው ሹፌር እጁን አወናጨፈባቸው።

ፋብሪካው ደጅ ሲደርሱ ሁለቱ ሴቶች ሳይተቃቀፉ፣ ሳይጣሉም፣ ጎን ለጎን ገቡ። ሆሳዕና መኪናው ውስጥ ቀረች። በዕቃ መጫኛው በር ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ስላለ መስኮቱን አወረደች፤ ብርዱ ጆሮዋን ነከሳት፣ አልዘጋችውም።

በመጀመሪያ የብላንካ ድምፅ ወጣ። ክዳኑ ተዘጋ፣ "ከት ዘ ፓወር" መጣ፣ አንድም ሳይዛነፍ አለቀ። ሆሳዕና ትንፋሿን ለቀቀች።

ከዚያ አሰፋሽ። ድምፅዋ ሰፊ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ስትጸልይ እንደሚወጣው ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አማረ። ሁለተኛው ጀመረ። "ካት..."

ዝም አለ። ማጉያው ብቻ ሽሽሽ ይላል። ሆሳዕና የወንበሩን ቀበቶ በሁለት እጇ ጨመደደች።

"...ከት ዘ ፓወር" አለ ድምፁ። ቀጠለ፤ ጨረሰ።

ትንሽ ቆይቶ ስልኳ ጮኸ።

"ብላንካ አለፈች" አለች አሰፋሽ። ከበስተጀርባዋ የማሽን ጩኸትና የሰው ጭብጨባ ይሰማል። "እልል ብዬላታለሁ። ፈረንጆቹ አደጋ የደረሰ መስሏቸው ሮጡ።"

"አንቺስ እማዬ?"

"ሁለት ጊዜ አልኩት አይደል? ጥሩ ነበር፣ ግን እጁ ማሽን ውስጥ ያለ ሰው ሁለተኛውን አይጠብቅም አሉኝ። ምን ይላሉ ታዲያ? እውነታቸውን ነው።"

ሆሳዕና ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ ሳታሰማ ልታለቅስ ፈለገች፣ አልሆነላትም።

"በስፕሪንግ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ሌላ ቦታ ይከፈታል ተብሏል" አለች እናቷ። "እስከዚያ እሑድ እሑድ ከቸርች በኋላ ትቀመጫለሽ። አንድ በአንድ ታስተምሪኛለሽ።"

"እሺ። እሺ እማዬ። አልስቅም፣ እምልልሻለሁ።"

"ሳቂ አትሳቂ፣ እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው። ብላንካም ትመጣለች።"

"ብላንካ? አልፋለች እኮ፣ እሷ ምን ልትማር ነው?"

"ልትማር አይደለም" አለች አሰፋሽ። "የምታስተምሪኝን ልትሰማ ነው። ብቻሽን አላምንሽም።"