በዐውደ ምሕረት የተባለ ቃል

ጥሩሐረግን ከገደሉ አፋፍ የመለሷት እንጨት ለቀማ የወጡ ሴቶች ናቸው። ነጠላዋን አጥፋ ድንጋይ ላይ አኑራ ቁልቁል ታይ ነበር አሉ። አባቷ ይግዛው ይህን ሲነግሩት ገብስ ያርም ነበር። አልሮጠም። የሚሮጥ ሰው ያየ ጎረቤት ሁሉ ይጠይቃልና ቀስ ብሎ ሄደ።

ነገሩ ድንገት የመጣበት አልነበረም። መጀመሪያ እንቅልፍ ራቃት፤ ከዚያ እህል አስጠላት። ኋላም በጓሮ በኩል የሚጠሯት ሰዎች እንዳሉ ነገረችው። ወጥቶ አየ፤ ማንም የለም። ሚስቱ ሞታበታለች። ወንድ ልጁ በጦርነቱ ዓመት እንደወጣ ቀርቷል። በቤቱ የቀረችው ጥሩሐረግ ብቻ ናት። ስለዚህ እያየ እንዳላየ ሆነ፤ ያየ ሰው አንድ ነገር ማድረግ አለበት።

አሁን ግን ገደል መጣ። ጎረቤቱ አጥናፉ ሰው ሰበሰበ፤ እጇን በገመድ አስረው ቃሬዛ ላይ አጋደሟት። ሊነሡ ሲሉ ይግዛው «ቆዩኝ» ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዞረ።

«ኪዳነ ምሕረት፣ ልጄን አድኚልኝ፤ ለመቅደስሽ መጋረጃ አስገባለሁ» ብሎ ተሳለ።

ከአገራቸው ከደሃና እስከ መኪናው መንገድ ተሸክመዋት፣ ከዚያ በመኪና ሰቆጣ ገቡ። በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕሙማንን የምታየው ነርስ ረውዳ ትባላለች፤ የሰቆጣ ነጋዴ ልጅ ናት። ገና ሳትቀመጥ ገመዱን አየች።

«ፍቱላት።»

«ትሮጣለች፣ ሲስተር» አለ አጥናፉ።

«ከሮጠች እኔም እሮጣለሁ። ፍቱላት።»

ፈቱላት። ረውዳ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠችና፣ የቡና ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው በዝግታ፣ «ጥሩሐረግ፣ ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» አለቻት።

ይግዛው ደነገጠ። እንዲህ ያለ ነገር በስሙ ይጠራል ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ያላሰበችውን ልታሳስባት ነው ብሎ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ጥሩሐረግ ግን ስንት ቀን ያቀረቀረችውን ራሷን ቀና አደረገች።

«አዎ» አለች። «አሁንም።»

«ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ። እንግዲህ ብቻሽን አንተውሽም።»

አስተኟት። መድኃኒት ሰጧት። ይግዛው ከአልጋዋ ሥር ኩታውን አንጥፎ ሰነበተ። ቀስ በቀስ ተኛች፤ ቀስ በቀስ በላች፤ አንድ ቀንም የአባቷን የተቀደደ ኩታ አይታ መርፌ ጠየቀች። ያን ጊዜ ይግዛው ወደ ውጭ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሲለቋቸው ረውዳ አስጠነቀቀችው። «አባባ፣ የተሻላት ከመድኃኒቱ ጋር ነው። ድኛለሁ ብላ እንዳታቆም። በየወሩ አምጧት።»

«እስከ መቼ?»

«እስክንነግራችሁ።»

በመመለሻው ከጨርቅ ነጋዴው ከሸምሱ ሱቅ ገብቶ የመጋረጃ ጨርቅ ጠየቀ።

«ለመቅደስ ነው? እንግዲያስ ቀዩን ውሰድ» አለው ሸምሱ። «ቄሶቻችሁ ቀይ ካላዩ ስለት የገባ አይመስላቸውም።»

«አንተን ምን አገባህ?»

«እንዴት አያገባኝም? የአገሩን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ያለበስሁ እኔ ነኝ።»

መድኃኒቱና ጨርቁ በአንድ ከረጢት ወደ ደሃና ወጡ።

ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ስለቱ ገባ። ሕዝቡ ቅጥሩን ሞልቶት ነበር። ቄሰ ገበዝ አሥራተ ማርያም መጋረጃውን ከፍ አድርገው፣ «ሐኪም ተስፋ የቆረጠባት ልጅ፣ በእመቤታችን አማላጅነት ፈጽማ ዳነች!» አሉ።

ሐኪም ተስፋ አልቆረጠም። ይግዛው ይህን ያውቃል። እልልታው ግን ቀደመው። በእልልታ መካከል ተነሥቶ «ቆይ፣ እንዲህ አይደለም» የሚል ሰው አልተወለደም። እሱም ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስም ብሎት ነበር።

«የተአምር አባት ሆንህ እኮ» አለው አጥናፉ ሲወጡ። «ከእንግዲህ ሰላምታ የምትሰጠን በቀጠሮ ነው።»

ሽማግሌ ልንልክ ነው የሚሉ ሰዎችም ተሰሙ። ጥሩሐረግ ሹሩባ ተሠርታ ወደ ምንጭ ትወርድ ጀመር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ይግዛው እንደ ልማዱ ውሃውን በጣሳ ሲያቀርብላት እጇን አልዘረጋችም።

«አባዬ፣ ከዳንሁ ክኒኑ ምንድን ነው?»

«ሲስተሯ አታቁሚ ብላለች።»

«ካልዳንሁ ደግሞ መጋረጃው ምንድን ነው?»

ይግዛው ጣሳውን መሬት ላይ አኖረው።

«በዐውደ ምሕረት ዳነች ከተባለ በኋላ፣ ቤቴ ገብቼ ተደብቄ ስውጥ እመቤቴን ውሸታም ማድረጌ አይደለም?»

የይግዛው ትምህርት ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፈም። ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ልቡ ያውቃል፤ የቱ ላይ እንደተጣመመ ግን ፈልጎ አጣው።

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አላት።

ክኒኑን ተወች። ለጊዜው ምንም አልሆነችም። ክፋቱ ይኸው ነበር። ይግዛውም ምናልባት እውነት ይሆናል ማለት ጀመረ። የወሩ ቀጠሮ አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። ክረምቱ ሲገባ እንቅልፏ ሄደ። ከዚያ የሚጠሯት ሰዎች ተመለሱ፤ አሁን ከጓሮ አልፈው ቤት ገብተዋል። አንድ ቀን ከዝናብ ውስጥ አግኝቷት ሊያስገባት እጇን ሲይዝ፣ «አንተ ማን ነህ?» አለችው።

ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረ። አምና ሳይጠራቸው የመጡት አሁን ደጃፍ ላይ ቆመው ያነጋግሩታል።

«ዳነች አልተባለም?»

«ተብሏል።»

«ታዲያ ምን በድላ ይሆን?»

እመቤቲቱ ያዳነቻት ልጅ ተመልሳ ከታመመች፣ ጥፋቱ የልጅቱ ነው። ሌላ መንገድ አልታያቸውም። የመጡት ጥቂት ናቸው። አጥናፉ ግን ዕድሜው ሳያግደው መጣ፤ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ «ና እንሂድ፣ ተአምርህ ከብዷል» አለው።

ረውዳ አልተቆጣችም። «ስንቱ ተሻለኝ ብሎ ያቆማል» አለች። እንደገና አስተኟት፤ እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ። በዚህኛው ጊዜ ለመሻል ዘገየች። ስታገግም ረውዳ አባትየውን ለብቻው ጠራችው።

«እዚህ እኔ እሰጣታለሁ። አገሯ ስትገባ እምቢ ካለች ግን ከዚህ ሆኜ ምን አደርጋለሁ? የምትፈራው ምንድን ነው?»

የመጋረጃውን ነገር ነገራት። ረውዳ ሻርፗን አስተካከለች።

«ይኼንን እኔ ልናገርላችሁ አልችልም፣ አባባ። እኔ ሙስሊም ነኝ። እርስዎ ነዎት የሚያውቁበት።»

ጥሩሐረግም አልጋዋ ላይ ሆና ቁርጡን ነገረችው። «እዚህ እውጣለሁ። እዚያ ግን ዳነች ተብያለሁ። አልውጥም።»

ይግዛው እሷን ለረውዳ ትቶ ወደ ደሃና ተመለሰና ቄሰ ገበዙ ቤት ሄደ። መስቀል ተሳልሞ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ ልጄ አልዳነችም ብለው ይንገሩልኝ።»

«ስለትህን ልታስመልስ ነው?»

«መጋረጃው ይቀመጥ። ቃሉ ነው የከበደን። ክኒኑን ያስጣላት እሱ ነው።»

«በዐውደ ምሕረት የተባለ ቃል እንዴት ይመለሳል? ነገ ሌላው ስለት ያስገባል?»

«እርስዎ የደም ግፊት ክኒን ይውጡ የለም?»

«እውጣለሁ። ግን እኔ ዳንሁ ብዬ አላስነገርሁም።»

«እኔም አላስነገርሁም። ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ቄሰ ገበዙ ክፉ ሰው አልነበሩም። መስቀላቸውን በመዳፋቸው አገላበጡ። «አንተስ ያን ጊዜ ምላስ አልነበረህም?» አሉት በመጨረሻ።

ይህ ትክክል ነበር። ይግዛው ተሳልሞ ወጣ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ተነሣ። ኩታውን አደግድጎ በትሩን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ልጄ ጥሩሐረግ አልዳነችም» አለ። «ታማለች። ክኒን ትውጣለች፤ ገናም ትውጣለች። ዳነች ሲባል ዝም ያልሁ እኔ ነኝ።»

መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው ሊል አስቦ ነበር። ሳይለው በትሩን አነሣ። አንዲት ሴት አማተበች። ከኋላ በኩል አንዱ «ስለቱን ካደ» ሲል ተሰማ። ቄሰ ገበዙ ይግዛውንም ሆነ ሰውየውን አልገሠጹም፤ ሕዝቡን አሰናበቱ። ይግዛው ወደ በሩ ሲወጣ ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ ለክብር አልነበረም። የሽማግሌው ወሬም ከዚያ ቀን ወዲህ አልተሰማም።

ልጁን ከሰቆጣ ይዟት የተመለሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ምንም አልነገራት። ቤት ገብተው እሳት አነደደ፤ ጣሳውን ሞልቶ ክኒኑን አቀረበላት።

«ዋጪ። ተናግሬያለሁ።»

«እርስዎ ምን አሉ?»

«አልዳነችም አልሁ።»

ጥሩሐረግ አየችው። «ሰው ሁሉ ፊት?»

«ሰው ሁሉ ፊት።»

ክኒኑን ለረጅም ጊዜ መዳፏ ላይ ይዛው ቆየች። ይግዛው እምቢ ብትል የሚያደርገው አልነበረውም፤ የነበረውን ሁሉ አድርጓል። በኋላ ዋጠችው። ፊቷ ላይ ግን እፎይታ አልታየም፤ አባቷን ያየችው በራሷ ቀብር ላይ የቆመ ሰው እንደምታይ ሆና ነው።

«እንግዲህ የሚያገባኝ የለም» አለች።

«የለም።»

«አባዬ፣ እርስዎ ሲሞቱስ ማን ይሰጠኛል?»

ይግዛው የሚጠራው ስም ፈለገ። አጥናፉን ሊል ነበር፤ አጥናፉ በዕድሜ ይበልጠዋል። እሱን አልፎ አገሩን በልቡ ዞረው፤ የሚቆምበት ደጃፍ አላገኘም።

«ራስሽ ትወስጃለሽ» አላት።

«በደህናዬ ቀን አዎ» አለች። «በክፉ ቀኔስ?»

ይግዛው ጣሳውን ከእጇ ተቀበለ። ውሃ የቀረበት መስሎት አየው፤ ባዶ ነበር። እንደያዘው ተቀመጠ።