ግማሽ ትምህርት ይዤ የጻፍኩት ደብዳቤ

ማስታወቂያውን ያየሁት የሰፈራችንን ቤተ መጻሕፍት መስኮቶች ለመጋረጃ ልለካ ሄጄ ነው። «የቻይና ፍልስፍና መግቢያ፣ ለጀማሪ ጎልማሶች፣ ቅዳሜ ጠዋት» ይላል። ፍልስፍና ምኔም አይደለም፤ ቅዳሜ ግን ጠላቴ ነው። ደንበኞቼ ልብሳቸውን ዓርብ ይወስዱና ቅዳሜ እኔና የስፌት መኪናዬ ተፋጠን እንውላለን። ሰው ባለበት ክፍል ለመቀመጥ ስል ብቻ ተመዘገብኩ።

ሰባት ነበርን። መምህሩ ቀጭን ሰው ነው፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ እሱ ሲያስተምር እኔ በሐሳቤ ኮቱን ሳጠብ ከረምኩ። ከጎኔ የሚቀመጡት ጡረታ የወጡ ሹፌር ሁልጊዜ «እንዴት ሰነበቱ?» ይሉኛል። ከሳምንት እስከ ሳምንት ይህን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው እንደሌለ አልነገርኳቸውም።

በሦስተኛው ቅዳሜ መምህሩ ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር ጻፈ። የጥንት የቻይና ሊቃውንት የሰው ኑሮ በአምስት ዝምድና ይቆማል ይሉ ነበር አለን፦ ገዥና ተገዥ፣ አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት፣ ታላቅና ታናሽ፣ ጓደኛና ጓደኛ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ጆሮዬ ቆመ። «ታናሽ ታላቁን ያከብራል፤ ቦታውን ያውቃል» አለ። ቃል በቃል ጻፍኩት።

ታናሽ እህት አለችኝ። የምትኖረው በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ሰፈር ነው፤ ከተነጋገርን ግን አራት ዓመት ሆኖናል። እናታችን ያረፈች ቀን እኔ የሙሽራ ቀሚስ እየጨረስኩ ነበር፤ ስደርስ አልፋለች። እህቴ ለቀስተኛ ፊት «አንቺ የኖርሽው ለደንበኛሽ እንጂ ለእናትሽ አይደለም» አለችኝ። የጫማዋን ክር እያሰርኩ ትምህርት ቤት ያመላለስኳት እኔን! መጥታ ይቅርታ እስክትለኝ ጠበቅኩ። እሷ ደግሞ ግትር ናት፤ ከማን እንደወረሰችው እንጃ።

የዚያን ቀን ትምህርቱ ሳያልቅ ወጣሁ። ልብስ የምትለካ ሙሽራ ቀጥሬ ነበር፤ ደንበኛ ማስጠበቅ አይሆንልኝም። ሙሽራዋን ሸኝቼ ወዲያው ወረቀት አወጣሁ። ስልክ እንዳልደውል፣ ቀድሞ መደወል መሸነፍ ነው። «የጥንት ቻይናዎች እንኳ ያወቁትን አንቺ አላወቅሽም» ብዬ ጀመርኩ። «ታናሽ ታላቋን ታከብራለች፤ ቦታዋን ታውቃለች። እኔ ቦታዬ ላይ ነኝ፤ አንቺ ግን የለሽም።» ሦስት ጊዜ አነበብኩትና ልቤ ቅቤ ጠጣ። የሊቃውንት ቃል ነዋ። ሰኞ ጠዋት ፖስታ ቤት ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህሩ ያለፈውን እንድናስታውስ ጠየቀ። ሹፌሩ ደብተራቸውን አንስተው አነበቡ፦ «ታላቅ ለታናሹ ይራራል። አክብሮቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

«እንዲህ አልተባለም» አልኩ።

«እርስዎ ከወጡ በኋላ ነው የተባለው» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

መምህሩም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። «ግዴታው የሁለቱም ነው፤ መቅደም ያለበት ግን ታላቁ ነው» አለ።

ፊቴ በእፍረት ጋለ። አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ኮት ሰፍቼ፣ ፎክሬበት ለደንበኛ የላክሁ ያህል ተሰማኝ። ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁና አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ በሩን ፊቴ ላይ ብትዘጋውስ እያልኩ እፈራ ነበር።

አልዘጋችውም። ፀጉሯ ሸብቷል። «ይግቡ» አለችኝ፣ እንደ እንግዳ አንቱ ብላ። ቤቷ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚመቸውን ወንበር ሳበችልኝ። ትራስ አስደገፈችኝ። ውሃ በሁለት እጇ አቀረበችና እጇን አጣምራ ግድግዳው ጋ ቆመች። ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ፤ አትቀልድም። አራት ዓመት የተመኘሁት አክብሮት ይኸው፣ እግሬ ሥር ተነጥፎልኛል። ከዚያ የለቅሶ ቤት ስድብ ይልቅ ይሄኛው አመመኝ።

«ቁጭ በይ እንጂ» አልኳት።

«ቦታዬን አውቄያለሁ።»

«የጻፍኩልሽ ግማሹን ነው። ትምህርቱ ሳያልቅ ወጥቼ ነበር።»

«ለምን ወጡ?»

ልዋሽ ነበር፤ ውሸቱ ምላሴ ድረስ መጥቶ ነበር። «ሙሽራ ቀጥሬ» አልኩ።

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከዚያ «የቀረው ግማሽ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ታላቅ ትቅደም ይላል። መምጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ያን ቀንም ቀሚሱን ጥዬ መምጣት ነበረብኝ።»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለራሴም ቢሆን። እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር። አላለቀሰችም፤ ከግድግዳውም አልተንቀሳቀሰችም።

«እባክሽ ተቀመጪ።»

«ትእዛዝ ነው?»

ታላቅነቴን በሩ ላይ ጥዬው ልገባ ነበር የመጣሁት። ሌላ መንገድ ግን አልተወችልኝም።

«ትእዛዝ ነው» አልኳት።

ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ወንበር ሳበች። ስትቀመጥ ጉልበቷን በእጇ ይዛ፣ ፊቷን አጨማድዳ፣ ቀስ እያለች ነው።

«ጉልበትሽን ምን ሆንሽ?»

«ያመኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ዓመት ሆነው» አለች።