የተቀባው ድስት

እማማ በለጥሽ ፊደል ስላልቆጠሩ አማቻቸው ፀጋዬ ምንም የሚያውቁ አይመስለውም፤ የቀጥቃጭ ልጅ መሆናቸውን እንኳ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ከተማ ካለ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛውን የእርሳስ ማቅለጫ ምድጃ ሳምንት ሙሉ ሲጠግን ከርሞ ዛሬ ሊለኩሰው ነው። እርሳሱ የሚቀልጥበትን የብረት ድስት ግን አልነካውም፤ ነጋዴው ራሱ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ነው የሸጠለት።

«ምን ሊደብቅበት ነው የኳለው?» አሉ አሮጊቷ። ድስቱን በማንኪያ ቢመቱት እንደ ደወል መጮህ ሲገባው እንደ ነቃ ገንቦ ዷ አለ።

«እማዬ፣ ሰውየው እኮ የዋስትና ወረቀት ሰጥቶኛል!»

«እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ልታቀልጠው ነው? ድስቱ ሲከዳህ አጠገብህ የምትቆመው ልጄ ናት። በል፣ እሳት ሳትለኩስ ቀለሙን እዚሁ ፊቴ ፍቀህ አሳየኝ!»