ዛፍ የሌለበት ንድፍ

ጎረቤቴ ዲዛይነር ናት። ሥራዋን ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ መጀመሪያ «ሥዕል ትሥላለች» እል ነበር። እሷ ሰምታ አኮረፈችኝ። «ጋሼ፣ ሠዓሊ የሚሥለው ደስ ሲለው ነው። እኔ የምነድፈው ሰው እንዲጠቀምበት ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዲዛይነር ናት እላለሁ፣ ልዩነቱ እስካሁን ባይገባኝም። በግቢያችን የሚታወቀው ስሟ ግን ማስመሪያ ነው። ስትራመድ ቀጥ ብላ ነው፣ ስትቆጣም ቀጥ ብላ ነው፤ ደረጃው ላይ የተንጋደደ የእግር መጥረጊያ ካየች የሰውም ቢሆን ሳታስተካክል አታልፍም።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ትምህርቴ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ከተማውን በመስታወት ሳይ ስለምውል እሷ ስለ ከተማ ስታወራ ደስ ብሎኝ አዳምጣለሁ። የምታወራው ደግሞ ሁልጊዜ ተናዳ ነው።

«ይህን ከተማ የሚሠሩት ሰዎች በእግራቸው ሄደው አያውቁም» ትላለች፣ ደረጃው ላይ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች። «ፌርማታ ይሠራሉ፣ ጥላ የለውም። ወንበር ያደርጉበታል፣ ብረት ነው። እኩለ ቀን ላይ ተቀምጠህበት ታውቃለህ?»

«እኔማ ሁልጊዜ ነጂው ወንበር ላይ ነኝ።»

«ቂጥ ይጠብሳል፣ ጋሼ! ዘመናዊ ነው ይሉታል። አሮጊት የሚጠብስ ዘመናዊ!»

«ታዲያ አንቺ ለምን አትሠሪውም?»

«አልጠየቁኝማ!» ብላ በሩን ድርግም።

የምትሠራበት ክፍል ከእኛ ሳሎን በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ጠረጴዛዋ ከየትኛው ቤት እንደወለቀ የማይታወቅ በር ነው፣ በአራት የእንጨት እግር ላይ የተጋደመ። የቁልፉ ቀዳዳ እንኳ አልተደፈነም። መስኮቷ ግቢው መሀል ወዳለው ጃካራንዳ ይከፈታል። ዛፉ ከማናችንም በፊት እዚህ ነበር። ሲያብብ ግቢው ሁሉ ወይን ጠጅ ይሆናል። አበባው ሲረግፍ ደግሞ መኪና ላይ፣ አንሶላ ላይ፣ ራሰ በራዬ ላይ ይጣበቃል። ሚስቴ አንድ ቀን «ዛሬስ አምሮብሃል» ብላኝ ሰው እስኪስቅብኝ ድረስ አበባ ለጥፌ ስነዳ ውያለሁ።

ማስመሪያ የምትሠራው ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው። እሷ ትነድፋለች፣ እሱ ቀለም ይሰጣል። አሠራራቸው ለብቻው ነው። እሷ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ ትነድፋለች። እሱ የራሱን ስስ ወረቀት በዚያ ላይ ያነጥፍና ቀለሙን ይሠራል። እሷ ደግሞ ሌላ ታነጥፍበታለች። እንዲህ እየተደራረበ ይሄዳል። አንድ ሕግ አላቸው፤ ማንም የሌላውን ወረቀት በእርሳስም በላጲስም አይነካም። ያልወደደው የራሱን ከላይ ያነጥፋል እንጂ አይሰርዝም። እርሳስ የተከለከለ እንጂ አፍ ስላልተከለከለ ግን ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ጉድ ነው።

«ሰማያዊውን አበዛኸው!»

«ያንቺ መስመር ነው የበዛው!»

«የኔ መስመር ባይኖር ቀለምህን ምን ላይ ልታፈሰው ነበር?»

ሚስቴ እነሱን ለመስማት ሬዲዮ ትዘጋለች።

ከዛፉ ጀርባ የጎረቤት ሕንፃ ጎን አለ፤ መስኮት የሌለው፣ ወደ መንገድ የዞረ፣ አመድ የመሰለ ግድግዳ። የከተማው ጽሕፈት ቤት በዚያ ግድግዳ ላይ «ከተማና ተፈጥሮ» የሚል ትልቅ ሥዕል አሠራለሁ ብሎ አወዳደረ፤ እህትና ወንድም አሸነፉ። የእሷ ደስታ እንዳለ ሆኖ የወንድሟ ደስታ ሌላ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ የእህቱ ረዳት ነው የሚለው። እንግዳ ሲመጣ እሷን ይጨብጣል፣ እሱን ኮት ያሸክማል። አሁን ግን በግድግዳው ግርጌ ስሙ ከስሟ እኩል ሊጻፍ ነው። እናታቸውን ከክፍለ ሀገር ሊያመጣ ቀጠሮ ይዟል።

ንድፉን ጠርታ አሳየችኝ። ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎች፣ ውሃ፣ ወፎች፣ እስከ ጣሪያው የሚወጡ ቅርንጫፎች። ከሁሉ በላይ በተነጠፈው ወረቀት ላይ ጃካራንዳችን ራሱ ተነድፏል። «እውነተኛው ዛፍ ከፊት ይቆማል። የእሱ ቅርንጫፍ ባለቀበት የተሳለው ይጀምራል» አለችኝ። ይህ እንኳ ለእኔም ገባኝ። ቆንጆ ነገር ነበር፣ ሐቁን ልናገር።

አንድ ጠዋት፣ የከሰዓት ተረኛ ስለነበርኩ፣ ቤት ነኝ። የሞተር መጋዝ ሲጮህ ሰማሁ። ቁልቁል ስመለከት ብርቱካንማ ቆብ ያደረጉ ሰዎች ዛፉ ላይ ገመድ አስረዋል። ወደ መንገድ ያዘነበለው ትልቁ ቅርንጫፍ ወርዶ ግቢው ውስጥ ተዘርሯል። የአንደኛ ፎቋ ሴትዮ የልብስ ገመዷን እየፈታች «እሰይ፣ ተገላገልን! ስንት ነጭ አንሶላ አጠቆረብኝ!» ትላለች። ደሜ ፈላ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ማስመሪያ ግን ቀድማኛለች፤ ሁለት ዓይነት ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ አንዱ የራሷ አንዱ የባሏ።

«አቁሙ! ማን ፈቀደላችሁ?»

የሠራተኞቹ አለቃ መጋዙን አስጠፋ። ሰውየው ክፉ አይመስልም። ከመኪናው ትልቅ ወረቀት አምጥቶ መሬት ላይ ዘረጋ። «እመቤቴ፣ እኔ የምሠራው በንድፉ ነው። ይኸው ግድግዳው። ከመንገድ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ከፊቱ ዛፍ አለ?»

አየን። ዛፍ የለም። ውሃው አለ፣ ወፎቹ አሉ፣ የተሳሉት ቅርንጫፎች ከየትም ተነሥተው አየር ላይ ተንጠልጥለዋል።

«የፈረመው ማን ነው?» አለ ሰውየው፣ ቀስ ብሎ።

ፊርማው የእሷና የወንድሟ ነበር።

ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ የደወለችው ለጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ያነሣው ሰውዬ ትሑት ነበር፣ ያ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ።

«ዛፉ ለሥዕሉ እንቅፋት ሆኖ ስላገኘነው ነው።»

«ሥዕሉ እኮ የዛፉ ነው!»

«አዎ፣ ሥዕሉ ላይ ብዙ ዛፍ አለ። በጣም ወደነዋል።»

«የተሳለ ዛፍ እንዲታይ የበቀለውን ልትቆርጡ ነው?»

«የተሳለው አያረግፍም፣ እህቴ» አለ ሰውየው። «ጥገናውም ቀላል ነው።»

እኔ በሕይወቴ የሰው ስልክ ነጥቄ አላውቅም። ያን ቀን ነጠቅኩ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ሰውየው ዘጋብኝ።

ቀጥላ የደወለችለት ወንድሟ እያለከለከ ደረሰ። ወረቀቱን ገና ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«የላይኛው ወረቀት የታለ?» አለችው።

«መሳቢያ ውስጥ ነው። ለጽሕፈት ቤቱ ስናስገባ ሥዕሉን ሸፈነብኝ፤ ቀለሙ አልታይ አለ። አነሣሁት።»

«አነሣኸው?»

«እርሳስ አላሳረፍኩበትም፣ እትዬ! እንዳለ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኩት። ያንቺን ወረቀት ነክቼ አውቃለሁ?»

ቱግ አለች። «ብትሰርዘው ይሻለኝ ነበር! ብትሰርዘው የተፋቀበትን አየው ነበር!»

«አንቺስ ስትፈርሚ ዓይንሽ የት ነበር?» አለ እሱም ጮሆ።

ይህን ጥያቄ እኔም በሆዴ ይዤው ነበር። መልስ እስክትሰጥ ሁላችንም ጠበቅን፣ ባለ መጋዙም ጭምር።

«ዛፉ በመስኮቴ እየታየኝ» አለች በመጨረሻ፣ «ወረቀት ላይ ለምን ብዬ ልፈልገው?»

እንግዲህ እዩልኝ። የሁለት የተማሩ ሰዎች ስሕተት ይህ ነው። አንዱ ቀለሙ እንዲታይለት ዛፉን አነሣ፣ አንዷ ዛፉን ስለምታየው ሳታየው ቀረች። ያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ወረቀቱን አይቶ ግቢውን ሊያስተካክል መጋዝ ላከ። ቢያንስ አንዱ መስኮት ከፍቶ ቢመለከት ምን ነበረበት? በሁሉም ላይ አንጀቴ አረረ፤ በማንኛቸው እንደምጀምር ነው የቸገረኝ።

ማስመሪያ ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ በዚያ ወረቀት ላይ ዛፉን ልትነድፍ ጎንበስ አለች። አለቃው እጁን ጣልቃ አስገባ። «አይሆንም፣ እመቤቴ። ማኅተም ያረፈበት ነው። የተፈቀደው ግድግዳው ሙሉ በሙሉ የሚታይበት ሥዕል ነው። ያ ከተለወጠ ሥራው በሙሉ ይሰረዛል።»

«ይሰረዛ!»

«ንድፉን ያወጡት ሰዎች ትተነዋል ብለው ከፈረሙልኝ እኔ የምቆርጥበት ምክንያት የለኝም፤ መኪናዬን ይዤ እሄዳለሁ። ግን የሁለታችሁም ፊርማ ነው።»

የእሷን ወዲያው ፈረመች። እስክሪብቶውን ወደ ወንድሟ ዘረጋች። አልተቀበላትም።

«ስሜ የሚጻፍበት ሥራ ይሄ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም! ያንቺ ስም በየቦታው አለ። የኔ የት አለ? ቅርንጫፉ እንደሆነ ወርዷል። ሌላ ዛፍ ይተከላል።»

«መቼ ሊደርስ? አንተ ስትጃጅ?»

«ለዛፍ ነው የምትጨነቂው፣ ለኔ አይደለም።»

«አንተ ላይ ሰው መጋዝ ይዞ አልመጣብህም!»

«አንቺ አለሽ አይደል!»

የማስመሪያ እጅ ግን አልታጠፈም፣ እስክሪብቶው እንደተዘረጋ ነው። የአንደኛ ፎቋ ሴትዮ እንኳ አንሶላዋን አቅፋ ቆማለች። የአለቃው ሰዎች ሰዓታቸውን ያያሉ። ልጁ የወረደውን ቅርንጫፍ አየ፤ ጫፉ ላይ ገና ያልፈነዳ እንቡጥ ነበረው። ግድግዳውን አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጇ መንጭቆ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ፈረመ።

«ይኸው። ከዛሬ ወዲያ ቀለሙንም ራስሽ ቀቢ» ብሎ ወጣ።

«ምሳ ሳትበላ!» ብላ ጮኸችበት።

«አልበላም!»

አለቃው ገመዱን ሰብስቦ ሄደ። ዛፉ ቆሟል፣ በመንገዱ በኩል ግን ክንዱን እንዳጣ ሰው ሆኗል። ማስመሪያ ሁለት ዓይነት ጫማዋን እየጎተተች ወደ ላይ ወጣች፤ በሩ ድርግም አላለም። እኔ ይህን ሁሉ ንዴት ይዤ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከሰዓት አውቶቡሴን ይዤ በሰፈራችን ፌርማታ ስደርስ ልጁ እዚያው ብረት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ በዚያ ፀሐይ። ወጥቶ ከኋላዬ ካለው ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

«ወዴት ነህ?» አልኩት በመስታወት።

«ዝም ብለህ ንዳ፣ ጋሼ።»

ነዳሁ። ሰው ይወጣል ይወርዳል፣ እሱ መንገዱን ያያል። ሕንፃ፣ ሕንፃ፣ የተቆፈረ መንገድ፣ ሕንፃ። ዛፍ የነበረበት ቦታ ላይ የመኪና ማቆሚያ። በየቀኑ የማልፈው መንገድ ነው። ያን ቀን ግን ከእሱ ጋር ስለማየው ይሁን እንጃ፣ አስጠላኝ፤ ከልብ አስጠላኝ።

«በልጅነታችን» አለ ድንገት፣ «እናታችን አንድ ወረቀት ለሁለት እየቀደደች ነበር የምትሰጠን። ትልቁን ግማሽ ሁልጊዜ የምትወስደው እትዬ ናት። ታላቅ ነኝ እያለች።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ሙሉውን ወሰደችው!» አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ደንግጦ ዞረ። «ለእናቴ ምን ልበላት? ነይ እዪው ያልኩሽ ግድግዳ አመድ ነው ልበላት?»

«እኔ በሁለታችሁም ተናድጃለሁ» አልኩት። «ባንተ ይበልጥ። ዛፍ ያህል ነገር መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል?»

«አንተ ደግሞ!» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲያኩርፍ ቁርጥ እህቱን ነው፤ ቀጥ ብሎ።

የመጨረሻው ፌርማታ ደረስን። ሰው ሁሉ ወረደ። ልጁ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም።

«መጨረሻ ነው፤ ውረድ» አልኩት።

«ተመልሰህ በዚያ በኩል ታልፋለህ?»

«መስመሬ አይደል?»

«እንግዲያው አልወርድም።» እጁን አጣምሮ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «ታርቄያት እንዳይመስልህ ደግሞ። ያላልኳት ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።»

ሞተሩን አስነሣሁ።