ምንም እንዳትቆርጪ

ወጋየሁ መካኒሳ አቦ የነበረችውን ቪዲዮ ቤቱን ከዘጋ ዓመታት ቢያልፉም ዲስኮቹን አልሸጠም። የሳሎኑን አንድ ግድግዳ እስከ ጣሪያው ሞልተውታል። ሰው ሁሉ ፊልም በስልኩ በሚያይበት ዘመን፣ «ኦሪጅናሉ አለህ?» እየተባባሉ የቀሩት እሱና ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ስልክ የሚጠግነው ጓደኛው ከድር ብቻ ናቸው። ሚስቱ ገዲሴ ለቁም ሣጥኗ ቦታ ካጣች ቆይታለች፤ አሁን አሁንማ መናገሩም ደክሟታል።

ከዲስኮቹ መሐል አንዷን ባያት ቁጥር ግን ዛሬም ያንገበግበዋል። ሮበሌ የሚባል ዳይሬክተር ያኔ እዚሁ ሰፈር የሠራው ፊልም ነው። አንዱ ቦታ የተቀረጸው በእሱ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነበር፤ ወጋየሁም ፊልም ሊከራይ ለመጣው ተዋናይ «እሱ ወጥቷል፤ ነገ ና» እንዲል ተደረገ። ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ገዲሴን አዲስ ቀሚስ አስለብሶ፣ ጎረቤት አስከትሎ ሲኒማ ቤት ገባ። ፊልሙ አለቀ፤ እሱ የለም። ዲስኩ ሲወጣም የለም።

«አክተሩ! ዛሬም አልወጣህም? ነገ እንምጣ?» ያሉት ጎረምሶች ዛሬ የልጆች አባት ሆነዋል፤ እሱ ግን አልማራቸውም። ሮበሌንማ ጭራሽ። «ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ካሴት አከራይ ፊልሜን ያረክሰዋል ብሎ ነው የቆረጠኝ» ይላል። ሮበሌ ሲሞት ለቅሶ እንኳ አልደረሰም።

አምና የሮበሌ ልጅ ዶርቃ ፊልሙን በአዲስ ዲስክ ልታወጣው ተነሳች። ሰብሳቢዎች ምን እንደሚፈልጉ ልትጠይቅ ወጋየሁ ቤት መጣች፤ ከድርም ነበረ።

«ከስር ስልክ ቁጥር አይሩጥበት» አለ ከድር። «ልጅቷ ስታለቅስ እኛ የምናነበው ማስታወቂያ ነው! ደሞ ሁለት ዲስክ ላይ አትክፈይው። ታሪኩ ሲጦፍ ተነስቼ ዲስክ ልቀይር?»

«ከቨሩስ፣ ጋሼ?»

«ፊልሙ ውስጥ የሌለ ሽጉጥ አትለጥፊበት» አላት ወጋየሁ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዋናው ግን ሌላ ነው። አባትሽ የቆረጠውን በሙሉ መልሺው። እኛ ዲስክ የምንገዛው ሙሉውን ለማየት ነው። ምንም እንዳትቆርጪ።»

«ጥሬ ቀረጻው እቤት አለ። ቃሌ ነው፣ ጋሼ።»

ዲስኩ የወጣ ሰሞን ከድር ይዞለት መጣ። ወጋየሁ ገዲሴን «ዛሬስ ቁጭ በይ» አላት። እሷም ሥራዋን ጥላ፣ በረጅሙ ተንፍሳ ተቀመጠች። ምስሉ ጥርት ብሏል፤ ከስር የሚሮጥ ነገር የለም።

ቪዲዮ ቤቱ ብቅ አለ። ወጣቱ ወጋየሁ ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል። ተዋናዩ ፊልሙን ጠየቀው። ወጋየሁ ሰውየውን ትቶ ካሜራው ላይ አፈጠጠና፣ መታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ተገትሮ፣ «እሱ ወጥቷል፤ ነገ ና» አለ። ቀጥሎም፣ «አለቀ?»

ከካሜራው ጀርባ የሮበሌ ድምፅ መጣ። «አላለቀም፣ ወጋየሁ። እኛን አትየን፣ እሱን እየው። ግድ የለም ጎበዝ፣ እንደገና።»

እንደገና ካሜራውን አየ። «አለቀ?»

«ግድ የለም። እንደገና።»

ከድር ትራስ አፉ ላይ ይዞ ይንቀጠቀጣል። ገዲሴ «አቤት የሰውየው ትዕግሥት!» አለች።

ወጋየሁ ስልኩን አነሳ። ይህንን ነገር ነገ ዛሬ ሳትል ከዲስኩ እንድትቆርጠው ለዶርቃ ሊነግራት ነው።

«ጋሼ! አዩት?» አለች ዶርቃ ገና እሱ አፉን ሳይከፍት። «አባዬ በመጨረሻ ድምፁ ተዘግቶ ነበር እኮ። ሲናገር የተቀዳበት ሌላ ምንም የለንም። እማዬ እሷን ቦታ እየመለሰች ነው የምታየው። ሰው ሁሉ ‹ይሄ ፊልም ውስጥ አይገባም፣ አውጪው› ሲለኝ፣ ጋሽ ወጋየሁ ምንም እንዳትቆርጪ ብለውኛል አልኳቸው።»

ሊላት ያሰበውን ተወው። ያን ሁሉ ዓመት ቆሞ የዋለ ይመስል ወደ ኋላው ተደገፈ።

«ደግ አደረግሽ» አላት። «እናትሽን ሰላም በይልኝ። ለቅሶም አልደረስኳችሁም... እሑድ እመጣለሁ በያት።»

ከድር እንባውን እየጠረገ፣ «ልቀጥለው ወይስ በቃህ?» አለው።

«ቀጥለው» አለ ወጋየሁ። «ሳቅህን ግን ውጭ ጨርሰህ ና።»